የላስታ ደጋና የንግድ ጎዳና፦ አገር እንዴት ይበለጽጋል፣ እንዴትስ ይደኸያል?

በየመስጊዱ ግቢና በየመድረሳው አንድ ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። ተማሪ መምህሩን፣ ምእመን ኢማሙን፣ «አንዱ አገር በሀብት ሲትረፈረፍ ሌላው ለምን ይራባል?» እያለ ይጠይቃል። የምንሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ «የአላህ ውሳኔ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለተኛው፣ «መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡም ያጥራል» ብሎ ጥፋቱን ሁሉ በአፈሩ ላይ ይጥላል። ሁሉ ነገር በአላህ ውሳኔ እንደሚሆን እናምናለን፤ አፈርና ዝናብም ቀላል ነገሮች አይደሉም። ነገር ግን ሁለቱም መልሶች በዚህ አኳኋን ሲሰጡ ጠያቂውን ዝም ያሰኙታል እንጂ አያስተምሩትም፤ ሰው በሰው ላይ ያደረሰውንም ከጥያቄ ውጭ ያደርጉታል።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ አካባቢ ታሪክ እንመረምራለን፤ ይኸውም በሰሜን ወሎ በሚገኘው የላስታ ደጋ ነው። ላስታን የመረጥነው አፈሩና ተራራው ሳይለወጥ ዕጣው የተለወጠ ምድር ስለ ሆነ ነው። ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት የመንግሥት መናገሻ ነበር፤ ዛሬ ግን ወረዳዎቹ እርዳታ ከሚሹት ተርታ ይቆጠራሉ። ያው ምድር በአንድ ዘመን ባለጸጋ፣ በሌላ ዘመን ድኻ ከሆነ ምክንያቱን ከአፈሩ ባሻገር መፈለግ ግድ ይለናል። «ዓ.ም.» ብለን ካልለየናቸው በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

ኢብን ኸልዱን ያቀረበው ሚዛን

ጥያቄውን በስፋት ከመረመሩት የእስልምናው ዓለም ሊቃውንት መካከል ዐብዱረሕማን ኢብን ኸልዱን ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። በ1332 ቱኒስ ውስጥ ተወልዶ በ1406 ካይሮ ያረፈው ይህ ቃዲና የታሪክ ሊቅ፣ በ1377 በጻፈው «አል-ሙቀዲማ» ውስጥ ከተሞች በብልጽግና የሚበላለጡበትን ምክንያት ያብራራል፤ አገሮችም እንደ ከተሞቹ በሀብትና በድህነት እንደሚለያዩ ያስረዳል። በዘመኑ ግብፅ፣ ሻም፣ ሕንድና ቻይና የናጠጡ ሲሆኑ የተወለደበት መግሪብ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ተራው ሕዝብ ይህን ሲያስረዳ «የምሥራቁ አገር ወርቅና ብር ስለ ሞላበት ነው» ይል ነበር። ኮከብ ቆጣሪዎች ደግሞ «የምሥራቁ ኮከብ ስለሚበልጥ ነው» ይሉ ነበር።

ኢብን ኸልዱን ለፊተኞቹ የሰጠው መልስ አጭር ነው። በዘመኑ የታወቀው የወርቅ ማዕድን የሚገኘው ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው የጥቁሮች ምድር ሲሆን፣ ይህ ምድር ከምሥራቁ ይልቅ ለመግሪብ ይቀርባል። ብልጽግናን ያመጣው ወርቅ ቢሆን ኖሮ ባለጸጋው መግሪብ በሆነ ነበር። ለኮከብ ቆጣሪዎቹ ደግሞ ዐይናቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው በምድር ያለውን ምክንያት እንደ ዘነጉ ይነግራቸዋል። ምድራዊውን ምክንያት «ዑምራን» ይለዋል። የሰዎች መሰባሰብ፣ ሥራ መከፋፈል፣ ከዕለት ጉርስ የሚተርፍ ምርት፣ ያም ትርፍ ወደ እጅ ሥራና ወደ ንግድ መሻገሩ፣ ንግዱም አዲስ ፍላጎትን፣ ፍላጎቱም አዲስ ሥራን መውለዱ በዚህ ቃል ውስጥ ይጠቃለላሉ። ለዑምራን መጥፋት ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ግፍ ነው፤ ሰው ያፈራው ሀብት ያለ አግባብ እንደሚወሰድበት ካወቀ ለማፍራት እጁ ይዝላልና።

ይህ ሚዛን ለላስታ ጥያቄ ሁለት በር ይከፍትልናል። አንደኛ፣ ላስታ ትርፍ ምርት የነበራት መቼ ነው? ሁለተኛ፣ ያ ትርፍ ወዴት ሄደ?

ድንጋዩ ስለ እህሉ ሲመሰክር

ቀድሞ ሮሐ ትባል የነበረችው ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በሚበልጠው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ትገኛለች። ከተማዋ የዛግዌ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ስሟን የሰጣት ንጉሥ ላሊበላ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይገዛ እንደ ነበር የመሬት ስጦታ መዛግብት ያሳያሉ። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እነዚህ ሕንፃዎች ለክርስቲያን ወገኖቻችን የአምልኮ ስፍራ፣ ለጎብኚ የሥነ ሕንፃ ድንቅ ናቸው። ለታሪክ መርማሪ ደግሞ የምጣኔ ሀብት ሰነድ ናቸው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻውን 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ዙሪያው ተቆፍሮ፣ ውስጡ ተፈልፍሎ፣ ፍርስራሹ ተግዞ እስኪወጣ ድረስ ስንት የሰው ጉልበት እንደ ፈጀ ማሰብ አያዳግትም። ድንጋይ የሚፈለፍል ሰው አያርስም፤ ሌላው አርሶ ሊያበላው ይገባል። መሮና መዶሻውን የሚሠራለት፣ ብረቱን የሚያቀልጥለት፣ እህሉን የሚጭንለትም ያስፈልገዋል። ሥራው በአንድ ትውልድ ይጠናቀቅም በብዙ ትውልድ፣ የላስታ ገበሬ ከራሱና ከልጆቹ አፍ የሚተርፍ እህል ያመርት እንደ ነበር፣ ያንንም ትርፍ በአንድ ስፍራ የሚያከማች ሥልጣን እንደ ነበረ ዐለቱ ይመሰክራል። ስለዚህ «የላስታ ምድር ድሮም ድንጋይ ነው» የሚለው መልስ በዚያው ድንጋይ ይሻራል።

የባሕሩ መንገድ

ይሁንና የገበሬው ትርፍ ብቻውን መናገሻ አያቆምም። የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ከቀይ ባሕር ንግድ ጋር የተሳሰረ ነው። አጥ-ጦበሪ በታሪክ መጽሐፉ እንደ ዘገበው የሐበሻ ምድር የቁረይሽ ነጋዴዎች የሚገበያዩበት አገር ነበር፤ ሰሓቦችም ወደ ነጃሺ አገር የተሰደዱት ነጋዴዎች ቀድመው ባወቁት ባሕር ተሻግረው ነው። አክሱም ከደከመች በኋላ ይህ መንገድ ቢቀዛቅዝም አልጠፋም። ፋጢሚዮች ግብፅን በገዙበት ዘመን፣ ማለትም ከ969 እስከ 1171፣ የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ወደ ቀይ ባሕር ሲያዘነብል መንገዱ እንደ ገና ደመቀ። ከምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት የዳህላክ ደሴቶች የሙስሊም ሱልጣኔት ተቋቋመ። የዳህላክ ስም ካይሮ ውስጥ በተገኙት የአይሁድ ነጋዴዎች ደብዳቤዎች ይነሣል፤ በደሴቶቹ ላይ የቀሩት በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችም የዚያን ማኅበረሰብ ስፋት ያሳያሉ። ከባሕሩ ርቆ በትግራይ እንደርታ፣ ኩሓ በተባለው ስፍራ የተገኙት የዐረብኛ የመቃብር ጽሑፎች ደግሞ በዚያው ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ ደጋው ዘልቀው ይኖሩ እንደ ነበር ያስረዳሉ። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ጥናት የዛግዌ ዘመን መንግሥት ከዚህ ንግድ ጋር የነበረውን ትስስር አሳይተዋል።

የክርስቲያኑ ንጉሥ መናገሻና የሙስሊሙ ነጋዴ መንገድ እንዲህ ይተሳሰሩ ነበር። ንጉሡ ለቅፍለቱ ሰላም ይሰጣል፤ ነጋዴው ቀረጥ ይከፍላል፤ ከቆላው አሞሌ ጨው ይወጣል፤ ከውጭ ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ ይገባል። እዚህ ላይ ታሪክን ማሳመር አይገባንም፤ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ወደ ባሕሩ ከሚወርዱት «ሸቀጦች» መካከል በባርነት የተያዙ ሰዎች ይገኙ ነበር። የመን ውስጥ ዘቢድን ይገዛ የነበረው የነጃሒዮች ሥርወ መንግሥት ከሐበሻ ባሮች መነሣቱ የዚህን ንግድ ስፋት ያመለክታል። ለአንዱ ብልጽግና የሆነው መንገድ ለሌላው የእንባ መንገድ እንደ ነበር ተማሪዎቻችን ሊያውቁት ይገባል።

ጎዳናው ሲዞር

በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛግዌን መንግሥት አስወግዶ ሥልጣኑን ወደ አማራና ወደ ሸዋ ወሰደው። ንግዱም በተመሳሳይ አቅጣጫ ይጓዝ ነበር። በ1285 የወለስማዕ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ኢፋትን ሲያጠናክር፣ ዘይላዕ የደጋው ሁሉ መውጫ ሆና ብቅ አለች። ኢብን በጡጣ በ1331 አካባቢ ዘይላዕን ሲጎበኝ የደራች የንግድ ከተማ ሆና አግኝቷታል። የ14ኛው መቶ ዓመት የዐምደ ጽዮንና የኢፋት ጦርነቶች ከሃይማኖቱ ባሻገር የዚህ የደቡቡ ጎዳና ባለቤት ማን ይሁን የሚል ጥያቄ ነበረባቸው። ላስታ በዚህ ሁሉ መካከል ቅድስናዋን እንደ ያዘች ከጎዳናው ዳር ቀረች። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ሕንፃዎቹን አይቶ፣ የጻፈውን አንባቢዎቹ እንዳያምኑት እስከ መስጋት ድረስ ተደንቋል። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የመዘገበው ዐረብ ፈቂህም ከዐለት ስለ ተፈለፈሉት ቤቶች ጽፏል። ሁለቱም ያዩት የቀደመ ዘመንን ሀብት ምስክር ነው። በመካከላቸው ያለፈው ጦርነት ደግሞ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም አገር እኩል አደኸየ።

መናገሻው ወደ ጎንደር ከተዛወረ በኋላ የምጽዋ ጎዳና እንደ ገና ቢደምቅም በትግራይ አልፎ ወደ ምዕራብ ይታጠፍ ስለ ነበር ላስታን አይነካም። ጠላትን የሚመልሰው ተራራ ነጋዴንም ይመልስ ጀመር። በዚህ ዘመን ከታዩት ነገሮች አንዱ በተለይ ለእኛ ማሰቢያ ይሆናል። በ1668 በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ቀድሞም በክርስቲያኑ ደጋ የርስት መሬት በአብዛኛው ያልነበራቸው ሙስሊሞች ኑሯቸውን በሲራራ ንግድና በሽመና ላይ መሠረቱ። መሬት ያለው ከንግድ ሲርቅ፣ ንግድ ያለው ከመሬት ሲርቅ፣ ነጋዴው ትርፉን በመሬት ልማት ላይ የሚያውልበት፣ ገበሬውም ምርቱን ለሩቅ ገበያ የሚያቀርብበት መንገድ ጠበበ። ኢብን ኸልዱን ዑምራን ያለው ነገር የሚያድገው እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

የመጨረሻው ትልቅ መዞር የደረሰው በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ቀይ ባሕር የአውሮፓ መንግሥታት ጎዳና ሆነ። ጣሊያን በ1885 ምጽዋን ያዘች፤ ከዚያ ወደብ የገባው የከብት እልቂት ከ1888 እስከ 1892 የቆየውን ክፉ ቀን አስከተለ፤ በሬው ያለቀበት ገበሬም በእጁ እየቆፈረ ለመዝራት ተገደደ። አዲስ አበባ በ1886 ተቆረቆረች፤ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የአገሪቱ ዋና የወጪ ንግድ የደቡቡና የምዕራቡ ቡና ሆነ። ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፋብሪካውና መሥሪያ ቤቱ ባቡሩን ተከትለው ሰፈሩ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት የአዲስ አበባና የአስመራ አውራ ጎዳና እንኳ በደሴ፣ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ሲያልፍ የላስታን ደጋ በስተ ምዕራብ ትቶት ሄደ። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ወረታ የሚሻገረው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና የተሠራው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአንድ አካባቢ ሕዝብ እህል ሲተርፈው የሚሸጥበት፣ ሲጎድለው የሚሸምትበት አውራ መንገድ ሳይኖረው ይህን ያህል ዘመን ከቆየ፣ ድህነቱን ከአፈሩ ብቻ መፈለግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኢማሞቻችን ሱረቱ ቁረይሽን በዚህ ዐይን እንዲያስተነትኗት እንጋብዛለን። መካ እህል በማይበቅልበት ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ነብዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) በዱዓቸው ይህንኑ ጠቅሰዋል። ሱራዋ አላህ ለቁረይሽ የዋለላቸውን ጸጋ ስታስታውስ የምታነሣው የክረምቱንና የበጋውን የንግድ ጉዞ፣ ከረኃብ መዳንንና ከፍርሃት መጠበቅን ነው። መንገድና ሰላም ባሉበት ድንጋያማው ሸለቆ ጠግቦ አደረ። የላስታ ደጋ ዝናብና ገብስ እያለው መንገዱንና ሰላሙን ሲያጣ ተራበ።

የረኃብ ዓመታትና የአል-መቅሪዚ ትምህርት

ከሐበሻ ሙስሊሞች ታሪክ ጋር ስሙ የተያያዘው የግብፁ ሊቅ ተቂዩዲን አል-መቅሪዚ በ1405 «ኢጋሠቱል ኡመህ» የተባለ ስለ ረኃብ የሚናገር መጽሐፍ ጽፏል። በዘመኑ ግብፅ ተርባ ነበር፤ ሰዎችም የዓባይን ሙላት ማነስ ብቻ ያማርሩ ነበር። አል-መቅሪዚ የውኃውን ማነስ አልካደም። መቅሠፍቱን ያከበዱትና ያራዘሙት ግን ሦስት የሰው ሥራዎች መሆናቸውን አስረዳ፤ ሹመት በጉቦ መሸጡ፣ በገበሬው ላይ የመሬት ግብር መናሩ፣ የመዳብ ገንዘብ በዝቶ ዋጋ መዛባቱ ናቸው።

ከአምስት መቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ወሎ ውስጥ የደረሰው ይህንኑ ያስታውሳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የወረደውን ረኃብ የመረመረው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት በዚያ ዓመት ያን ያህል እንዳላሽቆለቆለ አሳየ። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። ምክንያቱ ቀላልና የሚያሳምም ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ስለሌለው የሚገዛበትም አልነበረውም፤ እህል ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። ረኃብተኛው በአውራ ጎዳናው ዳር ተኮልኩሎ እህል የጫነው መኪና በፊቱ ያልፍ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲመለስ ጦርነት ተጨምሮበት የቆረም መጠለያ በዓለም ሁሉ ዘንድ ታወቀ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ደቡብና ምዕራብ ለሠፈራ ተወሰዱ፤ ብዙዎቹ ሳይወዱ ነበር።

እዚህ ላይ የኢብን ኸልዱንን ሚዛን ልናርመው ይገባል። ሕዝብ ሲበዛ ብልጽግና ይበዛል ብሏልና፣ ላስታን ቢያይ ሕዝቡ በዝቶ ሳለ ለምን ደኸየ ይባል ይሆናል። መልሱ ከራሱ ሐተታ ይወጣል። ብልጽግና የሚወለደው ከዕለት ጉርስ ተርፎ ወደ ሌላ ሥራ ከሚሻገረው ጉልበት ነው። የላስታ ጉልበት ግን በተራቆተና እየተከፋፈለ በጠበበ ማሳ ላይ ተይዞ ቀረ፤ ወደ ሌላ ሥራ የሚወስደው ድልድይ አልተሠራለትም። ባለፉት ዘመናት በግብር፣ ኋላም ባልተመጣጠነ ዋጋ የተወሰደበት ትርፍ ወደ ማሳው አልተመለሰም።

የዓለሙ ልዩነትና የላስታ ልዩነት

የላስታ ነገር የዓለሙን ነገር በትንሹ ያሳያል። የታሪካዊ ምጣኔ ሀብት ተመራማሪው አንገስ ማዲሰን ባቀረበው ግምት መሠረት በ1000 አካባቢ የምዕራብ አውሮፓ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከእስያና ከሰሜን አፍሪካ ያነሰ ነበር። በ1820 በጣም ሀብታም በሆነው የዓለም ክፍልና በጣም ድኻ በሆነው መካከል የነበረው ልዩነት ሦስት እጥፍ አይሞላም፤ በ1998 ግን 19 እጥፍ ደርሶ ነበር። በ178 ዓመት ውስጥ የሕዝቦች ተፈጥሮም የምድርም አፈር እንዲህ አይለወጥም። የተለወጠው ሥራው፣ መሣሪያው፣ የባሕሩ መንገድና የዋጋው ወሳኝ ማን እንደ ሆነ ነው። ቅኝ ግዛት፣ የባሪያ ንግድ፣ ፋብሪካና የጥሬ ዕቃ ንግድ ዓለሙን ለሁለት ከፍለውታል። ቡናችን ጥሬውን ይሸጣል፤ ተቆልቶና ታሽጎ የሚያወጣው ትልቁ ዋጋ በሌላ አገር ይቀራል።

ይኸው ነገር በአገር ውስጥ ይደገማል። የተከዜ ወንዝ የሚመነጨው ከላስታ ደጋ ነው፤ ውኃው ወርዶ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተገነባውን የተከዜን ግድብ ይሞላል። በምንጩ ዙሪያ ያለች እናት ግን ዛሬም በኩበትና በእንጨት ትጋግራለች። ላሊበላን የሚያዩ የውጭ ጎብኚዎች ገንዘባቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ ገንዘብ ለአካባቢው ገበሬ የሚደርሰው እንግዳው የሚበላው እንጀራ፣ እንቁላልና ማር ከላስታ ማሳ ሲመጣ ነው፤ ካልሆነ ገቢው ከከተማዋ አጥር አያልፍም። አንድ መተዳደሪያ ብቻ ያላት ከተማ ምን ያህል ተጋላጭ እንደ ሆነች ሁላችን አየን። በ2020 ወረርሽኙ ጎብኚውን አስቀረ፤ በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከተማዋ በተዋጊዎች መካከል ደጋግማ ተለዋወጠች። መንገድና ሰላም ዳግመኛ ጠፉ።

ጉልበቱ በቀየው ሥራ ያጣ ወጣት የጥንቱን የባሕር መንገድ ዛሬም ይሄድበታል። ከወሎ ተነሥተው በአፋርና በጅቡቲ አድርገው፣ ባቡል መንደብን ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚጓዙት ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን ናቸው። በ2013 መጨረሻና በተከታዮቹ ወራት ብቻ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ እንዲመለሱ ተደርገዋል። አንድ ጊዜ ጨርቅና ቅመም ያመጣ የነበረው ባሕር ዛሬ የሚወስደው የልጆቻችንን ጉልበት ነው።

ሕጉ ይህን ዓይነቱን ልዩነት አልዘነጋውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 89 በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዝዛል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ቀመር ያወጣል። ነገር ግን ቀመሩ የሚያወዳድረው ክልልን ከክልል ነው። የአንድ ሰፊ ክልል አማካይ ቁጥር ሲወሰድ የባሕር ዳርና የላስታ ኑሮ በአንድ አኀዝ ይሸፈናል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላስታን፣ መቄትን፣ ግዳንንና ቡግናን የመሳሰሉ ወረዳዎችን አቅፎ ከሞት መታደጉ የሚመሰገን ነው፤ ከሞት ማዳን ግን ከድህነት ማውጣት አይደለም።

የዑመር ቦይ

እዚህ ላይ ወደ ቀደምቶቻችን ታሪክ መመለስ ይጠቅመናል። በ18 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ639፣ ሒጃዝ በድርቅ ተመታ፤ ዘመኑም «ዓመ-ረማዳ»፣ የአመድ ዓመት ተባለ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ከቅቤና ከሥጋ ታቅበዋል፤ ከሻምና ከግብፅ እህል አስመጥተዋል፤ በዚያ ዓመት የዘካ መሰብሰቡንም አቆይተዋል። ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ በኋላ የሚተርኩት ከእርዳታው የሚበልጥ ነው። የግብፁ ገዥ ዐምር ኢብኑል ዓስ ዓባይን ከቀይ ባሕር የሚያገናኘውን ጥንታዊ ቦይ አስቆፍረው አስከፈቱ፤ የግብፅ እህል በመርከብ ተጭኖ የመዲና ወደብ እስከ ነበረችው አል-ጃር ድረስ ይመላለስ ጀመር። በግመል የመጣው እህል የአንድ ዓመትን ረኃብ አስታገሠ። ቦዩ ግን ሀብታሙን አገርና ድኻውን አገር አስተሳሰረ፤ የሚቀጥለው ድርቅ ወደ እልቂት እንዳይለወጥም መንገድ አበጀ። በእርዳታና በልማት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

የዘካ ሕግም ተመሳሳይ ጥበብ አለው። አቡ ዑበይድ «ኪታቡል አምዋል» ውስጥ እንደ ዘገበው ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ከየመን ዘካ ሲልክላቸው ዑመር ተቃወሙ፤ ከአካባቢው ሀብታም የተወሰደው ለአካባቢው ድኻ እንዲመለስ ነበርና የላኩት። ሙዓዝ በዚያ የሚቀበል እንዳጡ ባስረዱ ጊዜ ብቻ ተቀበሉ። ወሎ ውስጥ ከሚሠራባቸው ሁለት መዝሀቦች ሻፊዒያው በአካባቢው ተቀባይ እስካለ ድረስ ዘካን ማዘዋወርን ይከለክላል፤ ሐነፊያው ደግሞ ይጠላዋል፤ ይበልጥ ለተቸገረ ወይም ለዘመድ ከሆነ ግን ይፈቅዳል። ሁለቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ የአንድ አካባቢ ትርፍ መጀመሪያ ዕዳ ያለበት ለራሱ አካባቢ ነው፤ ከዚያ አልፎ የሚሄደው የተራበ ወዳለበት እንጂ ሀብት ወዳለበት አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የወሎ እህል የተጓዘው በዚህ ሕግ ተቃራኒ ነበር።

«አብዛኛው የላስታ ሕዝብ ክርስቲያን ነው፤ ለኛ ምን ያገባናል?» የሚል ቢኖር፣ አቡ ዩሱፍ «ኪታቡል ኸራጅ» ውስጥ የዘገበውን ያስታውስ። ዑመር በየደጁ ሲለምን ያገኙትን አይሁዳዊ ሽማግሌ ከበይተል ማል እንዲረዳ አዘዋል፤ በጉልበቱ ዘመን ግብር የተቀበሉትን ሰው በእርጅናው መጣል ፍትሕ አይደለም ብለው ነበርና። የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበያ ሸጦ፣ በአንድ ድርቅ ተርቦ፣ በአንድ ዕድር ተቀባብሮ ኖሯል። ረኃቡ ሃይማኖት አልለየም፤ መፍትሔውም አይለይ።

ከዚህ ሁሉ የምናወጣው መደምደሚያ አንድ ነው። የአንድ አገር ድህነት የታሪክ ሥራ ነው፤ በመንገድ መዞር፣ በሥልጣን መራቅ፣ በሰላም መጥፋትና ትርፍን ወስዶ ባለመመለስ ይሠራል። በሰው እጅ የተሠራውን በሰው እጅ ማረም ይቻላል፤ ይህን ማመንም ከቀደር እምነት ጋር አይጋጭም። ዑመር ራሳቸው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር ከመግባት ሲመለሱ ለጠየቃቸው ሰው፣ ከአላህ ውሳኔ የሚሸሹት ወደ አላህ ውሳኔ መሆኑን አስረድተዋልና።

ስለዚህ መምህሮቻችን ስለ ላስታ ሲያስተምሩ የሕንፃዎቹን ድንቅነት ብቻ ሳይሆን ያቆማቸውን እህልና ጎዳና እንዲያነሡ እናሳስባለን። ኢማሞቻችን በድርቅ ዘመን ለዝናብ ሲጸልዩ ስለ መንገድ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ሰላምና ስለ ሹም ፍትሕም በኹጥባቸው እንዲናገሩ አደራ እንላለን። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለዓመት በዓል ከሚልኩት ገንዘብ ጥቂቱን ለወቅፍ ቢያውሉት፣ ለአንድ ወረዳ የሙያ ትምህርት ቤት፣ ወይም ለገበሬው የእህል ማከማቻ ይሆናል፤ ወቅፍ ዋናው ሳይነካ ፍሬው ለትውልድ የሚተላለፍ በመሆኑ በትንሹም ቢሆን የዑመርን ቦይ ይመስላልና። ለአንድ ቀን የሚበቃ ዱቄት መስጠት ግዴታችን ነው፤ ዱቄቱ ነገ በራሱ ጉልበት እንዲገኝ ጎዳናውን መክፈት ደግሞ ከዚያ የሚከብድ አማና ነው።